ምዕራፍ ዐሥራ አንድ፦ የአሠራር ድርሰት — የአሸዋ ውሃ ማጣሪያ በቤት ውስጥ

ሀ. መግቢያ

ባለፈው ምዕራፍ ስለ ተራኪ ድርሰት ተምራችኋል። ተራኪ ድርሰት የሆነውን ነገር እንደ ሆነ ያወራል። የአሠራር ድርሰት ግን ገና ያልሆነው ነገር እንዲሆን ያደርጋል፤ አንባቢው ጽሑፉን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እጁ ይሠራበታልና። በተራኪ ድርሰት ውስጥ አንድ ነገር ቢዛባ አንባቢው ቅር ይለው ይሆናል እንጂ አይጎዳም። በአሠራር ድርሰት ውስጥ ግን አንዲት ቃል ብትዘለል ሥራው ይበላሻል፤ አንዳንድ ጊዜም ሰው ይታመማል።

ለዚህ ትምህርት የተመረጠው ምንባብ በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ ማንም ቤተ ሰብ ሊሠራው ስለሚችል የአሸዋ ማጣሪያ የሚናገር ነው። መጀመሪያ ምንባቡን ድምፅ ሳታሰሙ አንድ ጊዜ አንብቡ። በሁለተኛው ንባብ እርሳስ ይዛችሁ ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱትን ቃላት አስምሩባቸው።

ለ. ምንባብ

ከጉና የሚወርድ ውሃ

የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ከእርሱ ግርጌ የሚነሡት ጅረቶች ርብንና ጉማራን እየመገቡ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በበጋ እነዚህ ጅረቶች ኩልል ብለው ይወርዳሉ። በሐምሌና በነሐሴ ግን ጎርፉ ከእርሻው አፈሩን፣ ከግጦሹ እበቱን፣ ከየጓሮው እድፉን ጠርጎ በየምንጩና በየኩሬው ይጨምረዋል። ቡሄ ሲደርስ ክረምቱ ሊወጣ ነው ቢባልም እንስራው ውስጥ የሚዘቅጠው ጭቃ ገና አይቀንስም። ያን ጊዜ ሕፃናት በተቅማጥ ይያዛሉ፤ የአንጀት ተስቦና አሜባም ይበዛሉ።

በበጋ የሚቀዳውስ ውሃ? በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዐይን የሚያየው ድፍርሱን ነው እንጂ ጀርሙን አይደለም። ከብት በሚጠጣበት ምንጭ የተቀዳ ውሃ እንደ መስተዋት ጠርቶ ሳለ በሽታ ሊይዝ ይችላል። የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ውሃ አይደለም።

አገሩ ይህን መከራ ከጥንት ያውቀዋል። አፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር ሰፍረው ሳለ ኮሌራ ሰፈሩ ውስጥ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሠራዊቱን ይዘው ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጡ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ የተሠራበት ጋፋት ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ይገኛል። ያን የመሰለ መድፍ የሚያቀልጥ ጥበብ በተሰበሰበበት ዘመን ከኮሌራ ማምለጫው ቦታ መለወጥ ብቻ ነበር። በሽታው በውሃ እንደሚመጣ በዚያን ጊዜ በአውሮፓም ቢሆን ብዙዎቹ ሊቃውንት ገና አልተቀበሉም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በ26 ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1892፣ ጉዳዩን የሚያስረዳ ነገር በጀርመን አገር ደረሰ። ሐምቡርግና አልቶና ሁለት የተያያዙ ከተሞች ነበሩ። ሁለቱም የሚጠጡት ከኤልበ ወንዝ ነው። እንዲያውም አልቶና ውሃዋን የምትቀዳው ከሐምቡርግ በታች፣ የሐምቡርግ እድፍ ከወንዙ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ነበር። ኮሌራ በተነሣ ጊዜ ግን በሐምቡርግ ከ8,000 የሚበልጥ ሰው ሲሞት በአልቶና የሞተው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ሆነ። ልዩነቱ አንድ ነበር፤ አልቶና ውሃዋን በአሸዋ ላይ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ እያደረገች ታድል ነበር፤ ሐምቡርግ ግን የወንዙን ውሃ ሳታጣራ ነበር የምትሰጠው።

ውሃን በአሸዋ አጣርቶ ለከተማ ማደል እ.ኤ.አ. በ1804 በስኮትላንድ በፔይዝሊ ከተማ ተጀምሯል። በ1829 ጄምስ ሲምፕሰን የተባለው መሐንዲስ በለንደን ትልቅ የአሸዋ ማጣሪያ ሠራ። ይህ ዐይነቱ ማጣሪያ ሰፊ ገንዳና ሌት ተቀን የማያቋርጥ ውሃ ይፈልጋል። በእንስራና በጀሪካን የሚቀዳ ቤተ ሰብ ይህን ከየት ያመጣል? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዴቪድ ማንዝ ችግሩን በቀላል ዘዴ ፈቱት፤ ውሃ በማይጨመርበት ሰዓት እንኳ አሸዋው ላይ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ እንዲቀር አደረጉ። ያ ጥቂት ውሃ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ በታች እናያለን።

ብዙ ሰው አሸዋ የሚያጣራው እንደ ወንፊት ነው ብሎ ያስባል። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ጭቃውንና የአንጀት ትላትልን እንቁላል አሸዋው አንቆ ይይዛቸዋል። ባክቴሪያ ግን በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ካለው ክፍተት እጅግ ያንሳል፤ በወንፊት ሥራ ብቻ አይያዝም። ውሃ በየቀኑ ሲጨመር ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ በላይኛው አሸዋ ላይ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ሰፍረው ስስ ሽፋን ይሆናሉ። እነዚህ ነባር ነዋሪዎች ከምንጩ እንግዳ ሆነው የሚመጡትን ጀርሞች ይበላሉ። ከእነርሱ ያመለጡት አንዳንዶቹ ከአሸዋው ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ወደ ታች የወረዱትም ምግብና አየር አጥተው ይሞታሉ። እንግዲህ ማጣሪያው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የሚኖርበት አለ። የሚኖርበት ነገር ደግሞ እርጥበት፣ ምግብና አየር ያሻዋል። ከአሸዋው በላይ የሚቀረው ውሃ ጥልቀት 5 ሴንቲሜትር ያህል እንዲሆን የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ እጅግ ቢያንስ በፀሐይና በነፋስ ደርቆ ሽፋኑ ይሞታል፤ እጅግ ቢበዛ አየር እስከ አሸዋው ድረስ አይደርስለትም።

ይህ ጥበብ በውሃ መጠጫ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የባሕር ዓሣ በመስተዋት ገንዳ የሚያኖሩ ሰዎች ከገንዳው በታች ሁለተኛ ገንዳ ያስቀምጣሉ። ከላይኛው የተረፈው ውሃ በቱቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጠጠርና በስፖንጅ ላይ በሰፈሩ ባክቴሪያዎች መካከል ያልፋል፤ ከዚያም በፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ አንደኞቹ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነርሱ ባይኖሩ ዓሣው በገዛ ፍሳሹ ተመርዞ ያልቅ ነበር። የዚያ ገንዳ ድካሙ ፓምፑ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ባለቤቱ በታችኛው ገንዳ ባዶ ቦታ ካልተወ ውሃው ወለሉን ያጥለቀልቀዋል። በቤት ውስጥ የሚሠራው የአሸዋ ማጣሪያ ግን የሚንቀሳቀሰው በውሃው ክብደት ስለ ሆነ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለውም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለማጣሪያው ቁመቱ 90 ሴንቲሜትር፣ አፉ 28 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ በርሜል ይፈለጋል። በርሜሉ መርዝ፣ ነዳጅ ወይም ሌላ ኬሚካል ያልነበረበት መሆን አለበት፤ ሽታው ቢለቅቅም መርዙ አይለቅም። ከበርሜሉ ታች ጠባብ የፕላስቲክ ቱቦ ይገጠማል። ይህ ቱቦ በበርሜሉ ጎን ወደ ላይ ወጥቶ አፉ ከወለሉ 69 ሴንቲሜትር ላይ ይቆማል። የቱቦው አፍ ከፍታ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው፤ አሸዋው 64 ሴንቲሜትር ላይ ስለሚያልቅ በላዩ 5 ሴንቲሜትር ውሃ የሚቀረው ቱቦው እዚያ ስለ ቆመ ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ ቧንቧ መግጠም ወይም ጎማ መቀጠል አይገባም። የተቀጠለ ጎማ ውሃውን ስቦ ከአሸዋው በታች ያወርደዋልና።

አሸዋውና ጠጠሩ በሦስት ወንፊት ይለያሉ። በ12 ሚሊ ሜትር ወንፊት አልፎ በ6 ሚሊ ሜትር ላይ የቀረው ትልቁ ጠጠር ነው። በ6 ሚሊ ሜትር አልፎ በ0.7 ሚሊ ሜትር ላይ የቀረው ትንሹ ጠጠር ይባላል። በ0.7 ሚሊ ሜትር ያለፈው ማጣሪያው አሸዋ ነው። ከተፈጨ ድንጋይ የሚገኝ አሸዋ ይመረጣል፤ ከወንዝ የሚወጣው ሰውና ከብት የረገጠው ስለ ሆነ እድፍ አያጣም። ሌላ ካልተገኘ ግን የወንዙ አሸዋ ደጋግሞ ታጥቦ፣ በፀሐይ ተሰጥቶ፣ እስኪደርቅ ድረስ ቆይቶ ይነፋል። ከተነፋ በኋላም ጠጠሩ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይታጠባል። አሸዋው ግን ከልክ በላይ አይታጠብም፤ ደቃቁ ሁሉ ታጥቦ ከሄደ ውሃው ፈጥኖ ያልፋል፤ ፈጥኖ ያለፈ ውሃም አልተጣራም።

በመጀመሪያ ትልቁ ጠጠር 5 ሴንቲሜትር ያህል ይነጠፋል። በላዩ ትንሹ ጠጠር 5 ሴንቲሜትር ይደረብበታል። ከዚያ በርሜሉ እስከ ግማሹ ውሃ ይሞላል፤ አሸዋው የሚፈስሰው ውሃው ውስጥ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ቢገለበጥና ደረቁ አሸዋ ቀድሞ ቢገባ በቅንጣቶቹ መካከል አየር ይታፈናል፤ የታፈነው አየርም የውሃውን መንገድ ይዘጋል። አሸዋው 54 ሴንቲሜትር ሲሞላ ከላዩ ይስተካከላል። በበርሜሉ አፍ አጠገብ በጥቃቅኑ የተበሳሳ ሳሕን ይቀመጣል፤ ውሃው በቀጥታ ወርዶ አሸዋውን እንዳይቆፍረው ነው። በመጨረሻም ክዳን ይደረግለታል።

አንድ ጊዜ የሚጨመረው ውሃ 12 ሊትር ያህል ነው። በርሜሉ ሞልቶ ሳለ ከቱቦው የሚወጣው በደቂቃ ከ0.4 ሊትር መብለጥ የለበትም። አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ከሁለት ደቂቃ ተኩል በፊት ከሞላ አሸዋው ሻካራ ነውና እንደ ገና ይሠራል። ከአንዱ መጨመር እስከ ሌላው ቢያንስ 1 ሰዓት፣ ቢበዛ 48 ሰዓት ማለፍ አለበት። ውሃው በተቻለ መጠን ሁልጊዜ ከአንድ ምንጭ ይቀዳ። በክረምት እጅግ የደፈረሰው ውሃ በቀጥታ አይጨመርም፤ በእንስራ አድሮ ከዘቀጠ በኋላ ከላይ ከላዩ ይቀዳል። ክሎሪን በማጣሪያው ውስጥ ከቶ አይጨመርም፤ ጀርሙን የሚገድል መድኃኒት ጀርም የሚበሉትንም ይገድላቸዋል። ክሎሪኑ የሚጨመረው ተጣርቶ በወጣው ውሃ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ወር አደገኛ ነው። ውሃው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኩልል ብሎ ይወጣል፤ ሽፋኑ ግን ገና አልሰፈረም። በዚህ ወር የወጣው ውሃ ሳይፈላ ወይም ክሎሪን ሳይገባበት አይጠጣ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሱም ጀርምን ይገድላል፤ ቢሆንም በዚህ ከፍታ ለሦስት ደቂቃ ያህል እየተንተከተከ እንዲቆይ ይመከራል። ከወሩም በኋላ ማጣሪያው ከባክቴሪያው አብዛኛውን ያስቀራል እንጂ ሁሉን አያስቀርም። በውሃው የሟሟ ጨው፣ ማዳበሪያና የተባይ መርዝ ደግሞ በአሸዋ አልፎ ይሄዳል። አዋቂ ቤተ ሰብ የተጣራውንም ውሃ፣ በተለይ ለሕፃናት፣ በክሎሪን ያክመዋል።

ሐ. ስለ ቃላትና ስለ ሰዋስው

አማርኛ የማጥራትን ሥራ በአንድ ቃል አያልፈውም። ዱቄት ይነፋል፤ እህል ይበጠራል፤ ጠላ ይጠለላል፤ ቅቤ ይነጠራል፤ ውሃና ማር ይጣራሉ። «ውሃውን ነፋሁት» ያለ ተማሪ ሐሳቡ ቢገባንም አማርኛው አልሰመረም። የሙያ ቃል ስትጽፉ ሙያው ያለውን ቃል ፈልጉ፤ ካጣችሁት ባለሙያውን ጠይቁ። ጠላ ጠማቂዋ በዚህ ረገድ ከመዝገበ ቃላት ትበልጣለች።

«ጠራ» የሚለው ግሥ በጽሕፈት አንድ ሆኖ ሁለት ፍች አለው። «ሰማዩ ጠራ» ስንል ተሳቢ የለውም። «አባት ልጁን ጠራ» ስንል ግን ተሳቢው «ልጁን» ነው። ሁለቱን አስደራጊ ብናደርጋቸው ልዩነቱ ገሃድ ይወጣል፤ ከመጀመሪያው «አጠራ»፣ ከሁለተኛው «አስጠራ» ይገኛል። ተሳቢ የማይሻ ግሥ በአብዛኛው በ«አ»፣ ተሳቢ የሚሻ ግሥ በ«አስ» አስደራጊ ይሆናልና። ፈላ — አፈላ፣ ደረቀ — አደረቀ፤ ቀዳ — አስቀዳ፣ ለካ — አስለካ። ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጡ አሉ፤ «በላ» እና «ጠጣ» ተሳቢ እየሻቸው «አበላ»፣ «አጠጣ» ይላሉ። «ተጣራ» ደግሞ ራሱን የቻለ እንቆቅልሽ ነው። «ውሃው ተጣራ» ሲባል ውሃው የተደረገበትን ይናገራል፤ «እናቲቱ ከደጅ ተጣራች» ሲባል ግን ባለቤቷ ራሷ አድራጊ ናት። ፍቹን የሚለየው ባለቤቱ ነው።

በምንባቡ ውስጥ ሥራን ከሥራ የሚያያይዘው ቦዝ አንቀጽ ነው። «ታጥቦ፣ ተሰጥቶ፣ ቆይቶ ይነፋል» በሚለው ውስጥ ሦስቱ ቦዞች በተደረደሩበት ተራ ይፈጸማሉ፤ «ይነፋል» የሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ሁሉን ይዘጋል። ስለዚህ «ውሃ ሞልቶ አሸዋውን አፈሰሰ» እና «አሸዋውን አፍስሶ ውሃ ሞላ» ያላቸው ቃል ያው ሲሆን አንደኛው የሚሠራ፣ ሁለተኛው የማይሠራ ማጣሪያ ይሰጣል።

«እስኪደርቅ»፣ «እንዳይደርቅ»፣ «ሳይደርቅ» የሚሉትን ደግሞ ተመልከቱ። ሥሩ አንድ ነው። አሸዋው ከመነፋቱ በፊት «እስኪደርቅ» ይሰጣል፤ በርሜል ከገባ በኋላ «እንዳይደርቅ» ይጠበቃል። በችኮላ የሚጽፍ ሰው አንዱን በሌላው ቢተካ አንባቢው ወር ሙሉ የጠበቀውን ሽፋን በገዛ እጁ ያደርቀዋል፤ ውሃው ግን እንደ ወትሮው ጠርቶ ስለሚወርድ ስሕተቱን የሚያውቀው ልጁ ሲታመም ነው።

መ. የድርሰት ምርመራ

ከዚህ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ለትምህርቱ ሲባል ሆን ተብሎ በስሕተት የተጻፈ ነው።

«በርሜሉን ታጥባለህ። ከዚያ አሸዋና ጠጠር ይጨመራል። ውሃም አፍስሱበት። ቱቦው ከፍ ይበል። ጥቂት ቆይቶ ይጠጣል።»

ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ግልጽ ይመስላሉ። ነገር ግን ጸሐፊው መጀመሪያ አንዱን ሰው «ታጥባለህ» ብሎ አዘዘ፤ ወዲያው በተደራጊ ግሥ «ይጨመራል» አለ፤ ቀጥሎ ብዙዎችን «አፍስሱ» አለ። አንባቢው ማን እንደ ታዘዘ አያውቅም። ይህ ግን ቀላሉ ጉድለት ነው። «አሸዋና ጠጠር» ሲል «ና» የሚለው መስተጻምር ሁለቱን አጣመረ እንጂ የትኛው ከታች እንደሚሆን አልተናገረም፤ የተጠራውን በተጠራበት ተራ የሚጨምር አንባቢ አሸዋውን ከታች ያደርግና ቱቦውን ይደፍነዋል። «ከፍ ይበል» — ከምን? በስንት? እጅግ የከፋው «ጥቂት» ነው። ለጸሐፊው ጥቂት ማለት 30 ቀን ይሆናል፤ ለአንባቢው ግማሽ ሰዓት ሊሆን ይችላል። በዚህች አንዲት ቃል የመጀመሪያው ቀን ውሃ ለሕፃን ይቀርባል።

አንቀጹ እንዲህ ሊቃና ይችላል፦ «በርሜሉ ከታጠበ በኋላ ትልቁ ጠጠር፣ በላዩም ትንሹ ጠጠር ይነጠፋል። በርሜሉ እስከ ግማሹ በውሃ ከተሞላ በኋላ አሸዋው ይጨመራል። የቱቦው አፍ ከአሸዋው ላይኛ ገጽ በ5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይገጠማል። እስከ 30 ቀን ድረስ የሚወጣው ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም።» ይህኛው ከፊተኛው ይረዝማል። ማጠር መልካም ነው ሲባል ሰምታችኋል፤ የሚያስፈልገውን ትቶ ማጠር ግን ጸሐፊውን እንጂ አንባቢውን አያሳርፍም።

ሠ. መልመጃ

1. «አጣራ»፣ «አጠለለ»፣ «አነጠረ»፣ «አበጠረ» በሚሉት ግሦች ለየብቻቸው አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ። ተሳቢውን አስምሩበት።

2. ከምንባቡ አምስት ቦዝ አንቀጾችን አውጡና እያንዳንዱ ከየትኛው ማሰሪያ አንቀጽ ጋር እንደ ተያያዘ አሳዩ።

3. «ጎማው አይቀጠል» የሚለውን ትእዛዝ ምክንያቱን ጨምራችሁ በ«ምክንያቱም»፣ በ«-ና» እና በ«ስለ» ሦስት ጊዜ ጻፉት። ሲነበብ የትኛው ይሻላል? ለምን?

4. በቱቦው አጠገብ የሚለጠፍ ከ25 ቃላት ያልበለጠ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። አንባቢዋ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈች፣ ከምንጭ ተሸክማ የመጣች ልጅ እንደ ሆነች አስቡ። የምትጠሯት «አንቺ» ብላችሁ ነውን ወይስ በተደራጊ ግሥ ትጽፋላችሁ?

5. በቤታችሁ የሚሠራ አንድ ሥራ፣ ለምሳሌ ጠላ መጥመቅ፣ ቅቤ ማንጠር ወይም አዲስ ምጣድ ማሟሸት መርጣችሁ ከ200 እስከ 250 ቃላት ያለው የአሠራር ድርሰት ጻፉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ሥራውን ሠርቶ ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡት። ድርሰቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ በየደረጃውም «ስንት?»፣ «ከምን በኋላ?»፣ «እስከ መቼ?» እያለ ይጠይቃችሁ። እናንተ በቃል አትመልሱለት። መልሱ በወረቀቱ ላይ ከሌለ ወረቀቱን መልሳችሁ ውሰዱና ጻፉበት።